ድንኳኑን የከለከልኩ ቀን

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ወረቀት ላይ አቀርቅሬ ጣቴን አላደክምም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ። እንደ ወረደ እነግራችኋለሁ። ማሳመር አልችልበትም፤ መጻፍ የተማርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ እወቁ። ሐንዲሶ እባላለሁ። ከከምባታ ወደ ሐዋሳ የመጣሁት ጆንያ ለመሸከም ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነበር፤ ጆንያው ላይ ቆቅ ስለተሳለ ከተማው ሁሉ «ቆቅ» ይለዋል፤ እኛንም «ቆቆች» ይሉናል። ከተሸካሚነት ተነስቼ ወፍጮ ላይ ደረስኩ። ሀያ ስድስት ዓመት። ወፍጮው ሲያመው በድምፁ አውቃለሁ። ሌላው መሣሪያ ይዞ የሚፈልገውን እኔ በር ላይ ቆሜ «ሦስተኛው ነው፣ ጥርሱ ተበልቷል» እል ነበር። ሚስቴ ጥላኝ ሄዳለች፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ልጅ የለኝም። ሰው «ቤትህ የት ነው?» ሲለኝ «ቆቅ» ነበር የምለው። እየቀለድኩ አልነበረም።

ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው። ከሥራ በኋላ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ ታስተምረን ነበር። ማንም ሳያግዘኝ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ የዕድራችን ድንኳን ላይ ያለው ነው። የአንድ ባልደረባችን እናት ሞተው ለቅሶ ተቀምጠን፣ ቀና ስል ፊደሎቹ ተገጣጠሙልኝ። «የቆቅ ዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች መረዳጃ ዕድር!» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለቅሶ ቤት ነው እንግዲህ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ታደሰ «አንተ፣ ሰው ሞቷል እኮ!» ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ። ቆይቶ ግን እሱ ራሱ ሳቁ አላስቀምጥ ብሎት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእኔ ሕግ ሆነ። በልጅነታችሁ የተማራችሁ ሰዎች የተጻፈ ነገር እንደሚሳሳት፣ አንዳንዴም እንደሚታለፍ ታውቃላችሁ። እኔ አላወቅሁም። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። ይህን አይተው ንብረት ያዥ አደረጉኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ያለበት መጋዘን ቁልፍ እኔ ዘንድ ሆነ።

ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሌላ የዱቄት ፋብሪካ አለ። የእነሱ ጆንያ ላይ ያለው ድኩላ ነው። አንዋደድም። በሠራተኞች ቀን የኳስ ጨዋታ ጥርሱ የወለቀ ሰው አለ። እኛ የእነሱን ዱቄት «አሸዋ» እንላለን፤ እነሱ የእኛን «አቧራ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ዳቦ ገዝቼ ስገምጥ ባለሱቁ «የድኩላ ዱቄት ነው፣ ነጭ ነው አይደል?» ቢለኝ፣ የጎረስኩትን ተፍቼ የቀረውን ባንኮኒው ላይ ትቼለት ወጣሁ። እየራበኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሰበሰቡንና ሁለቱ ፋብሪካዎች ተዋህደዋል አሉን። ከአዲስ አበባ የመጣ ከረባት ያሰረ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ናችሁ» አለ። ቤተሰብ በደብዳቤ ሲፈጠር ያየሁት ያን ቀን ነው። ቆቁ ጠፋ። ድኩላውም ጠፋ። በአዲሱ ጆንያ ላይ አንድ ክብ ነገር ተሳለ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ «ዕድገትን ያመለክታል» አሉኝ። እኔ የተጣለ ጎማ ነው የሚመስለኝ። አዲስ ቱታና አዲስ ባጅ አደሉን። ቱታውን ለበስኩ፤ እንጀራ ነው። ባጁን ግን ደረቴ ላይ አላደረግኩትም።

ብዙም ሳይቆይ «የሁለቱ ፋብሪካ ዕድሮች ፈርሰው አንድ መረዳጃ ማኅበር ይቋቋማል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ድኩላዎች ታዘዙ። ዕድራቸውን ዘጉ፤ ድንኳናቸውን ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። እኛ እምቢ አልን። እምቢ ያልነው በእኔ ምክንያት ነው። ስብሰባ መሀል ተነስቼ «አንቀጽ ዘጠኝ! የዕድሩ ንብረት ከአባላት ውጪ ለማንም አይሰጥም!» ብዬ አነበብኩ። «ፋብሪካውን ወሰዱ፣ ስማችንን ወሰዱ፣ ድንኳናችንን ግን አይወስዱም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። አዲሱ ማኅበር ደግሞ የሚያቋቁመው ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ወረቀት ላይ ቀረ። ድኩላዎች ያለ ዕድር ተንጠልጥለው ቀሩ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከድኩላዎች አንዱን፣ ማቴዎስ የሚባለውን፣ እኔ ወፍጮ ላይ መደቡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ የማይሰማ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ?» ይለኛል። ዝም እለዋለሁ። በማግስቱም ይለኛል። ዝም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን «ወንድሜ፣ እኔም እኮ ወድጄ አልመጣሁም። የእኛም ወፍጮ ተነቅሎ ነው» አለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሌላ ቀን «ድምፁን እንዴት ነው የምትለየው?» ብሎ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም። ከዚያ በኋላ እኔ በምቆምበት በር ላይ እየቆመ፣ እንደ እኔ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አየው ነበር። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ ሆዴን አለና ከሥራ ወጣ። ረቡዕ አልመጣም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ስከፍት አስቴር ናት፤ የድኩላዎች የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ፣ ምላሷ እሳት የሆነች ሴት። ከኋላዋ አንድ የማላውቀው ሰው የፌስታል ከረጢት ራሱ ላይ ደፍቶ ቆሟል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ሐንዲሶ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማቴዎስ አረፈ። ትናንት ማታ፣ ሆስፒታል። ይሄ ወንድሙ ነው።»

ደነገጥኩ። መደንገጤን ግን አላሳየኋቸውም። «እግዜር ያጽናችሁ» አልኩ።

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለች። «ዝናቡን እያዩት ነው። ቤቱ ዳቶ ሰፈር ነው፣ የኪራይ፣ አንዲት ክፍል። ሰው የሚቀመጥበት የለም። ድንኳኑን እንዲሰጡን ነው የመጣነው።»

«የዕድሩ ዳኛ ይፍቀዱ።»

«ጋሽ ዱካሞ አለታ ወንዶ ሄደዋል፣ ስልካቸው አይነሳም። ቁልፉ ደግሞ እርስዎ ጋ ነው።»

«የሰፈር ዕድር የለውም?»

«ዳቶ ከገባ ሦስት ወሩ ነው» አለ ወንድሙ ቀስ ብሎ። «ሊመዘገብ ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቁልፉ ከበስተጀርባዬ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ማንም አይቆጣኝም። ጋሽ ዱካሞ እንኳ ተመልሰው ቢመጡ «ደግ አደረግህ» ነው የሚሉኝ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ሰዓት በዓይኔ ላይ የዞረው ግን የቆቅ ስም የተጻፈበት ድንኳን በድኩላ ደጃፍ ተተክሎ ነው። ይህን ከሰጠሁ ምን ቀረን? አልኩ በልቤ።

«ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«አንቀጽ ዘጠኝ...»

«አሁን እኮ አንድ ፋብሪካ ነን!»

«እሱ በወረቀት ነው።»

«የእርስዎ ደንብስ በምን ላይ ነው የተጻፈው? በድንጋይ ላይ ነው?» ከዚያ «አንቱ»ው ቀረ። «አንተ ሰውዬ፣ ሞትም ባጅ ይጠይቃል? ሦስት ሳምንት አጠገብህ ቆሞ ሠርቷል! ስሙን እንኳ ጠርተኸው ታውቃለህ?»

ወንድሙ እጇን ያዛት። «ተይው፣ አስቴርዬ። ሰዓት እየሄደ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጎንበስ አለ። «በጠዋት ስላስቸገርንዎ ይቅርታ፣ ጋሼ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋብሪካ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ታደሰ ቱታውን ሳይለብስ በር ላይ ይጠብቀኛል። ከታደሰ ጋር ጆንያ አብረን ተሸክመናል፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተናል።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ለምን?»

«አትቀልድ፣ ሐንዲሶ። አምጣ።»

«ያን ቀን አንተም አጨብጭበህልኛል።»

«ያን ቀን የሞተ ሰው አልነበረም!»

«ታዴ፣ ድንኳኑ የቆቅ ነው።»

ቀረብ አለኝ። የአፉን ትንፋሽ ይሰማኛል። «የቱ ቆቅ? እስቲ አሳየኝ። ጆንያው ላይ አለ? በሩ ላይ አለ? ቆቅ ማለት እኮ እኔና አንተ፣ እነዚህ ሰዎች ነበርን። እኛ ደግሞ ለቅሶ ልንሄድ ነው። አንተ ከማን ጋር ነው የምትቀረው?»

«ሂዱ» አልኩት። «ማን ያዛችሁ?»

መሬት ላይ እንትፍ ብሎ ሄደ።

ሠራተኞቹ የጭነት መኪናውን ሸራ ፈቱ። ገመድ፣ አጣና፣ ጥቂት ወንበር ከክበቡ ጫኑ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የፈረቃ ኃላፊው፣ እሱም የድሮ ቆቅ ነው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወፍጮውን አጠፋው። ቆቁም ድኩላውም አንድ መኪና ላይ ተጋፍቶ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አንድም ሰው «ናና ውጣ» አላለኝም።

ሀያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ወፍጮ በቀን ብርሃን ቆሞ አይቼው አላውቅም። ለጥገና እንኳ ሲቆም የሰው ድምፅ፣ የመዶሻ ድምፅ አለ። ያን ቀን ምንም የለም። የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ። ጆሮዬ የለመደውን ፈልጎ ሲያጣ ይጮህብኝ ጀመር። አዳራሹ መሀል ቆምኩ። ሄጄ እህሉን የሚፈጨውን ሮለር በእጄ ዳሰስኩት፤ ገና ሞቅ ያለ ነው፤ እየቀዘቀዘ ነው። ሰው ሲሞት እንደዚህ ነው የሚሆነው አልኩ። ለራሴ ተናግሬ ራሴን ፈራሁት።

እንዲያ ቆይቼ ሰባት ሰዓት ላይ ነው ለፋብሪካው የድሮ ባለቤት የደወልኩት። ድንኳኑን ፋብሪካው ሲከፈት ለዕድራችን የገዙልን እሳቸው ናቸው። ፋብሪካውን ከሸጡ በኋላ አዲስ አበባ ገብተዋል። ስልካቸውን ለአደጋ ጊዜ ብዬ ይዤው ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ደግ አድርገሃል» እንዲለኝ ፈለግኩ።

«ጌታዬ፣ ሐንዲሶ ነኝ።»

«የቱ ሐንዲሶ?»

«የቆቁ። የወፍጮው።»

«አሃ...» አሉ። እንዳላወቁኝ ከአነጋገራቸው ገባኝ። «ሰላም ነው? ልጆች ደህና ናቸው?»

ልጅ የለኝም። «ደህና ናቸው» አልኩ። ከዚያ ነገሩን ነገርኳቸው፤ ድኩላዎች ድንኳኑን እንደጠየቁኝ፣ ደንቡን ጠቅሼ እንደከለከልኩ፣ የቆቅን ስም እንዳላስደፈርኩ።

«ያ ድንኳን አሁንም አለ እንዴ?» አሉ። «ስጣቸው እንጂ፣ ምን ችግር አለው? በል ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በርታ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ እሳቸውን እየረገምኩ እፎይ እል ነበር። እኔ እንደ ታቦት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ለእሳቸው ከነመኖሩም የተረሳ ዕቃ ነው። ጥፋት አይደለም። ዕቃ ነው።

ሮጥኩ። ቤት ገብቼ ቁልፉን ይዤ፣ መጋዘኑን ከፍቼ፣ መንገድ ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ ለምኜ አስቆምኩ። ድንኳኑ ከነብረቱ ለስድስት ሰው የሚከብድ ነው። ባለ ጋሪው እያጉረመረመ አገዘኝ፤ ጨርቁንና ብረቱን እየከፋፈልን ጫንነው። ዳቶ መንገድ ላይ ፈረሱ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተያዘ።

«ሰዎቹ የት አሉ?» አለኝ ባለ ጋሪው።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የሚተክሉት ነዋ! ብቻዎን ነው የሚተክሉት?»

ወርጄ ጋሪውን ከኋላ ገፋሁ።

ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቀብሩ አብቅቶ ሰው ተመልሷል። የመኪናው ሸራ በቤቱ ቆርቆሮና በአንድ የአቮካዶ ዛፍ መሀል ተወጥሯል። ውሃ እያቆረ መሀሉ ሲወርድ፣ ሁለት ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት እየገፉ ያፈሱታል። አንዱ ታደሰ ነው፤ ሌላው በኳስ ጨዋታ ጥርሱን ያወለቁበት ያ ድኩላ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው የሚገፉት። ሰው ሁሉ ረጥቧል። ቀና ብለው አዩኝ።

ባለ ጋሪው አራግፎልኝ ሄደ። ብረቶቹን ጭቃው ላይ ዘረጋሁ። አንዱን ቋሚ አነሳሁ፤ ጫፉ ላይ ሌላውን ልገጥም ስል የመጀመሪያው ወደቀ። እንደገና አነሳሁ። ወደቀ። ድንኳን ለብቻ እንደማይተከል ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር፤ በስንቱ ለቅሶ ላይ በሰባትና በስምንት ሰው ሳስተክለው ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ጥግ ጥጉን ካልያዘልህ ጨርቅ ነው። ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። አንድም ሰው አልተነሳም። ታደሰ አየኝና ዓይኑን ወደ ሸራው መለሰ።

አስቴር መጣች። አልጮኸችም። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ድንኳኑን አመጣሁት።»

«ለማን? ሰውዬው ተቀብሯል።»

ከወገቤ ቀና ማለት አቃተኝ። ብረቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ይህን ያህል ሰው ባለበት እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ያኔ ከሸራው ስር የሴት ድምፅ ሰማሁ። «እኚያ ሰው ማን ናቸው? ዝናብ ላይ ለምን ታቆሟቸዋላችሁ?» የማቴዎስ ሚስት ናት። ተነስታ መጣች፤ ነጠላዋ ጭቃ ነክቶታል። አስቴር ስሜን ነገረቻት።

«ጋሽ ሐንዲሶ? የወፍጮው?» አለች። «ማቴዎስ ያወራኝ ነበር። ‹ጆሮ ያለው ሰው አጠገብ መደቡኝ፤ አያወራም፣ ግን ቆሜ እያየሁት እየተማርኩ ነው› ይለኝ ነበር። ይግቡ እንጂ።»

አላሾፈብኝም ነበር። በር ላይ ቆሞ አንገቱን ሲያዘነብል ይማር ነበር።

ገብቼ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ሰው ንፍሮ ዘግኖ እጄ ላይ አደረገልኝ። ማን እንደሆነ ቀና ብዬ አላየሁም። እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም አላነጋገረኝም። ድርጅቱ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ የሐዘን መግለጫ ለጠፈ። የማቴዎስን የአባት ስም ተሳስተው ነው የጻፉት።

ቁልፉን ያንኑ ሐሙስ ለታደሰ ልጅ ሰጠሁ። እሁድ ጋሽ ዱካሞ ስብሰባ ጠሩ። እኔ አልሄድኩም፤ ፊት አልነበረኝም። ዕድሩ ፈርሶ ከድኩላዎች ጋር አንድ አዲስ ዕድር ተመሠረተ። የተገኘው ሁሉ ተመዘገበና መዝገቡ ተዘጋ። ድርጅቱ በማስታወቂያ ያቃተውን እነሱ በአንድ የኪራይ ቤት ደጃፍ፣ በአንድ የሚያፈስ ሸራ ስር ጨርሰውት ነበር። በዚህ ከተማ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ዕድር የቀረሁት አሁን እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ቆይቼ የማቴዎስ ሚስት ዘንድ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ «ድንኳኑን የከለከልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ዕለት ጠዋት ወንድሙ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ይግቡ አልሽኝ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው ለምን መጣህ ይባላል እንዴ?»

አንባቢዎች ሆይ፣ ትምህርት እንድሰጣችሁ አትጠብቁ። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ድርጅታችሁን ውደዱ፤ እኔም ወድጄ ነበር፣ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት የምወደው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሀያ ስድስት ዓመት መኖሬ ነው። የወፍጮን ድምፅ ከሩቅ የምለይ ሰው፣ አጠገቤ ቆሞ «እንደምን አደርክ» የሚለኝን አልሰማሁም። ብዙ ፋብሪካ እየተሸጠ፣ እየተዋሃደ ነው። እናንተም ጋ አንድ የማቴዎስ ዓይነት ሰው ተመድቦ ይመጣል። ያን ጊዜ የምታደርጉትን እናንተ ታውቃላችሁ።

ለአዲሱ ዕድር ማመልከቻ ጽፌ አስገብቻለሁ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ ገጽ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚገባው በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ነው ብለውኛል። ጉባኤው የፊታችን እሁድ ነው። እነሱ፣ ድኩላዎቹ፣ ከእኛ ይበዛሉ። አያችሁ፣ አሁንም «እነሱ» እና «እኛ» እላለሁ፤ የሀምሳ ሁለት ዓመት አፍ ቶሎ አይቃናም። አስቴር ጸሐፊ ናት አሉ፤ ስሜን የምታነበው እሷ ናት። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ስትል ስንት እጅ እንደሚወጣ አላውቅም። ባይወጣም አልፈርድባቸውም። እሄዳለሁ፣ ፊት ለፊት እቆማለሁ፣ ቆጥረው እስኪጨርሱም አልቀመጥም።